ስለ አንዲት የባሕር ዳር ካርድና በላይዋ ስላሉት ስም የሌላቸው ሰዎች

በያንዳንዳችን ቤት፣ በሣጥን ውስጥም ሆነ በግድግዳ ላይ፣ ዘመን የጠገበ አንድ ፎቶግራፍ አይጠፋም። ይህ ማነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልስ የሚሰጡት አረጋውያን አንድ ባንድ እየተጠሩ ስለሚሄዱ፣ ፎቶግራፉ ይቀርና ስሙ ይጠፋል። እኔም በዚህ ነገር በገዛ ቤተ ሰቤ የደረሰውንና የገዛ ጥፋቴም ያለበትን ታሪክ፣ ለሌላው ትምህርት ቢሆን ብዬ ልጽፍላችሁ ተነሣሁ።

እኔ በጉብሬ የተወለድሁ፣ ዕድሜዬ አርባ አምስት ዓመት የሆነ፣ ፊደልና ዳዊት ከደብር መምህር፣ የቀረውን ትምህርት ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬ፣ በፍርድ ቤት በመዝገብ ጸሓፊነት የማገለግል ሰው ነኝ። ጉብሬን ላላየ ሰው፣ ከወልቂጤ ጥቂት ራቅ ብላ በእንሰት ተከብባ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የወልቂጤ ዩኒቨርስቲ ስለ ተመሠረተ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ስሟን ያውቁታል። ባሕርን ግን ከሽማግሌዎቻችን መካከል በዓይኑ ያየው ጥቂት ነው። በኛ ቤትም ባሕር የምናውቀው በአንዲት ካርድ ብቻ ነበር።

አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ነበሯት። ከወንዶቹ ታናሹ በ1935 ዓ.ም. የተወለደው አጎቴ ነው። እርሱም ሃያ ዓመት በሞላው ጊዜ፣ እንዳገራችን ጎልማሶች ሁሉ፣ እንጀራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ፣ በመርካቶ ከአንድ ነጋዴ ጋራ ተጠግቶ ሲሠራ ከቆየ በኋላ፣ ሥራ አገኘሁ ብሎ ወደ ምፅዋ ወረደ። በ1958 ዓ.ም. አንዲት ካርድ በነጋዴው የፖስታ ሣጥን በኩል ላከ፤ ነጋዴውም ለመስቀል ወደ አገሩ ሲመጣ ይዞ አደረሳት። ከዚያች ካርድ በቀር ከአጎቴ ሌላ ደብዳቤም ሆነ ፎቶግራፍ አልመጣም። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህም በዚያ አገር ጦርነቱ ስለ በረታ ወሬው ፈጽሞ ጠፋ።

በካርዷ ላይ የሚታየው ይህ ነው። ከፊት ለፊት ባሕር አለ፤ በባሕሩ ላይ ሸራቸውን ያጠፉ ሁለት ጀልባዎች ቆመዋል። በግራ በኩል ከባሕር ድንጋይ የተሠራ፣ በእንጨት የተፈለፈለ ሰገነት ያለው ታላቅ ቤት አለ። ከቤቱ በታች በውሃው ዳር ሦስት ሰዎች ይታያሉ፤ አንዱ ተቀምጧል፤ አንዱ እጁን ወደ ጀልባዎቹ ዘርግቷል፤ በስተግራ ያለው ደግሞ ሸክም በትከሻው አድርጎ ራሱን ዘንበል አድርጓል። ፊታቸው ከገብስ ፍሬ አይበልጥም። በሥዕሉ ዙሪያ ባለው ጠባብ ነጭ ወረቀት ላይ የአጎቴ የእጅ ጽሕፈት ተጨናንቆ ይገኛል።

በጉራጌ አገር መስቀል ማለት ምን እንደ ሆነ አንባቢዎቼ ታውቃላችሁ። በየከተማው የተበተነው ሁሉ ወደ እናቱ ቤት ይሰበሰባል፤ መስከረም 16 ቀን በሬው ይታረዳል፤ ክትፎው በጣባ ቀርቦ ከቆጮ ጋራ ይበላል። አያቴ በዚያ ቀን የልጇን ድርሻ በኮባ ቅጠል ላይ ለይታ ታስቀምጣለች። ከዚያም ካርዷን ከምሰሶው ላይ አውርዳ፣ ቅቤ በነካው ጣቷ በስተግራ ያለውን ሰው እየዳሰሰች «ልጄ ሆይ፣ ዘንድሮም ባሕሩ አለቀቀህም» ትለው ነበር። እኛ ልጆቹም ያን ባለ ሸክም ሰው አጎታችን እንደ ሆነ አምነን አደግን።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ። በ1979 ዓ.ም. እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሁኜ ንባብ በቻልሁ ጊዜ፣ አያቴ በዘመድ ፊት ካርዷን ሰጥታ እንዳነብላት አዘዘችኝ። ካርዷ በመጣች ጊዜ ጽሕፈቱን ያነበበው ነጋዴው ነበረ፤ በቤታችን ግን ያን ጊዜ ፊደል የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አላነበበውም። እኔም ቁሜ ጮክ ብዬ «ለእናቴና ለእኅቴ። እንደምን አላችሁ። እኔ ከሙቀቱ በቀር ደኅና ነኝ። በግራ ያለው እኔ ነኝ። ለመስቀል እመጣለሁ» ብዬ አነበብሁ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ አያቴም ግንባሬን ሳመችኝ። ነገር ግን «በግራ ያለው» በሚለውና «እኔ ነኝ» በሚለው መካከል፣ ቅቤና ጢስ ያጠፋው የአንድ ጣት ስፋት ያህል ስፍራ ነበረ። እኔ ይህን ስፍራ አይቻለሁ። የማላነበው እንዳለ ብናገር ንባብ አልቻለም የሚሉኝ ስለ መሰለኝ፣ ሁለቱን ቃል አገናኝቼ አለፍሁ።

አያቴ እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ዐረፈች። ካርዷም ለአክስቴ ቀረች። አክስቴ ዛሬ ሰማንያ ዓመት የተጠጋቸው ባልቴት ናቸው። በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል እርቅ ወርዶ የስልክ መስመር በተከፈተ ጊዜ፣ ሌላው ሰው ዘመዱን በስልክ ሲያገኝ እያዩ፣ እርሳቸውም ለወራት ተስፋ አድርገው ነበር፤ ነገር ግን የሚደውል አልተገኘም። ከጥቂት ጊዜ በፊት አስጠርተውኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ ሳልሞት ወንድሜን አልቅሼ ልሸኘው። ፊቱን ከካርዷ ላይ አውጥተህ በትልቁ አሠራልኝና በለቅሶው ቀን ይቁም።»

እኔም ካርዷን ይዤ ወደ ወልቂጤ ወረድሁ። ፎቶግራፍ አንሺው ወጣት በኮምፒዩተር አጉልቶ ካሳየኝ በኋላ፣ ካርዷን ገልብጦ ጀርባዋን አየና «ጋሼ፣ ይህ ወረቀት እርስዎ ከሚሉት ዘመን በጣም የቀደመ ይመስለኛል» አለኝ። ይህ ቃል ልቤን ስለ ነካው፣ ፊቱን እንዲያጎላ ሳላዝዘው ካርዷን ተቀብዬ ተመለስሁ። የፍርድ ቤት ሰው ምስክርነቱ ከተጠረጠረ ማስረጃ ሳይመረምር መዝገብ አይዘጋምና፣ ምርመራ ጀመርሁ።

መጀመሪያ የመረመርሁት ጀርባዋን ነው። ቴምብሩና የፖስታ ቤቱ ማኅተም ካርዷ የተላከችበትን ዘመን ያሳያሉ፤ የታተመችበትን ግን አያሳዩም። በጀርባዋ ላይ በኢጣሊያ ቋንቋ የታተመ አንድ መሥመር አለ፤ ከሚሲዮኑ አባቶች በተማርሁት ጥቂት የኢጣሊያ ቃል እየታገዝሁ ባነበው፣ በዚህ ገጽ ላይ አድራሻ ብቻ ይጻፋል የሚል ሆነ። የዚህንም ትርጓሜ ከመጻሕፍት ፈለግሁ። በዓለም የመጀመሪያዋ የፖስታ ካርድ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት 1 ቀን 1869፣ በአውስትሪያ መንግሥት ወጣች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን የካርዱ አንድ ገጽ በሙሉ ለአድራሻ ብቻ የተተወ ስለ ነበረ፣ ሰው መልእክቱን በሥዕሉ ጠርዝ ላይ አጥብቦ ይጽፍ ነበር። የአድራሻውን ገጽ በመሥመር ከሁለት ከፍሎ በግራው መልእክት እንዲጻፍ እንግሊዝ በ1902 ፈቀደች፤ ሌሎቹም መንግሥታት ተከትለው አሜሪካ በ1907 ፈቀደች። ስለዚህ እንደኛዋ ያለች ካርድ የታተመችው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው ማለት ነው። አጎቴ ግን የተወለደው ከዚያ ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ገና ያልተወለደ ሰው በባሕር ዳር ቁሞ ፎቶግራፍ ሊነሣ አይችልም።

ሁለተኛ የመረመርሁት ያን የጠፋ ስፍራ ነው። በመዝገብ ቤት ውስጥ ቀለሙ የጠፋ ጽሕፈት ሲያጋጥመን የምናደርገው ዘዴ አለ፤ ወረቀቱን ከመብራት ፊት ለፊት ሳይሆን በጎኑ አዘንብለን፣ ብርሃኑ በአግድም እንዲያልፍበት አድርገን በማጉያ መነጽር እናየዋለን። ቀለሙ ቢጠፋም ብዕሩ የቆፈረው መሥመር ይቀራልና። እንዲሁ አድርጌ ከሁለት ሌሊት ድካም በኋላ የጠፉትን ቃላት አገኘኋቸው። ጽሕፈቱ በሙሉ እንዲህ ይላል፦ «በግራ ያለው ቤት መጋዘን ነው፤ ዘበኛው እኔ ነኝ።»

አንባቢዎቼ ሆይ፣ በዚያ ሌሊት የተሰማኝን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። አጎቴ አልዋሸም፤ ካርዷም አልዋሸችም፤ ስሕተቱ የኔ ነበር። በፍርድ ቤት አንድ ጸሓፊ ያልተነበበውን ቃል ዘሎ ቢገለብጥ ይቀጣል፤ በስፍራው «የማይነበብ» ብሎ መጻፍ ግዴታው ነው። እኔ በሰባት ዓመቴ ይህን ስላላደረግሁ፣ አያቴ እስክትሞት ድረስ የሌላ ሰው ሥዕል እየዳሰሰች አለቀሰች።

ደግሞም አጎቴ አሮጌ ካርድ ስለ ምን እንደ መረጠ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። አዳዲስ ካርድ ሞልቶ ሳለ ከባለ ሱቅ ዘንድ ያረጀችውን ፈልጎ የገዛት፣ የሚጠብቀው ቤት በላይዋ ስላለ ይመስለኛል። ፎቶግራፍ ለመነሣት ገንዘብ ያጠረው ሰው፣ እናቱ እንጀራ የሚበላበትን ስፍራ እንድታይለት ፈልጎ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ልተወው እችል ነበር። ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ተነሣብኝ፤ እነዚህ ሦስት ሰዎች እነማን ናቸው? ስለዚህም ወደ አዲስ አበባ ሄጄ፣ በስድስት ኪሎ በቀድሞው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ባለው በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። በዚያም ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ስለ ኢትዮጵያ የጥንት ፎቶግራፎች ያሳተሙትን መጽሐፍ አገኘሁ። ኢጣሊያኖች በ1877 ዓ.ም. ምፅዋን ከያዙ ወዲህ ፎቶግራፍ አንሺዎችም አብረው እንደ ገቡ ተረዳሁ። ከነርሱም መካከል ሉዊጂ ናሬቲ የተባለው በምፅዋ የፎቶግራፍ ሥራ አቋቁሞ ነበር፤ የርሱም ዘመድ ጃኮሞ ናሬቲ በአፄ ዮሐንስ ዘንድ በአናጢነት ያገለገለና በመቀሌ ቤተ መንግሥት ሥራ የተካፈለ ሰው ነው። ያን ጊዜ ወታደሩም ነጋዴውም ወደ አገሩ ካርድ ይልክ ስለ ነበር፣ ባሕሩና ቤቱ፣ ገበያውና ሰዉ ሁሉ ለካርድ ይነሣ ነበር።

የኛዋን ካርድ ማን እንዳነሣት አልተጻፈባትም። ከሥዕሉ በታች በኢጣሊያ ቋንቋ የታተሙት ቃላት ግን «ማሳዋ፤ ቲፒ ኢንዲጄኒ» የሚሉ ናቸው፤ ትርጓሜውም «ምፅዋ፤ ያገሬው ሰው ዓይነቶች» ማለት ነው። ይህን ካነበብሁ በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። በኛ መዝገብ ቤት በአንዲት ዶሮ የተካሰሰ ሰው እንኳ ስሙ ከነአባቱ ከነአያቱ ሳይጻፍ ችሎት አይቀርብም። ዓይነት የሚባለው እህል ነው፤ ጨርቅ ነው። ሰው ግን ዓይነት ሳይሆን ልጅ ነው፤ የእገሌና የእገሊት ልጅ። ካርዱን ያሳተመው ሰው የከተማይቱን ስም ጽፏል፤ የሦስቱን ሰዎች ስም ግን ለመጠየቅ አላሰበም። ጥያቄው በዚያው ቀን በባሕሩ ዳር ሳለ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ዛሬ ግን የብዙ ዓመት ድካምም አይመልሰውም።

ስም የተጻፈለት ሰው እንዴት ያለ ዕድል እንዳለው ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ፣ የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር፣ ዋይት በምትባል ደሴት በባሕር አጠገብ፣ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ከጠባቂው ከካፒቴን ስፒዲ ጋራ አነሣችው። እርስዋ ግን «ዓይነት» ብላ አልጻፈችም፤ ደጃች ዓለማየሁና ባሻ ፈለቃ ብላ ጻፈች፤ ባሻ ፈለቃ ያገራችን ሰው ለስፒዲ ያወጣለት ስም ነውና። ልዑሉ በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ቢቀበርም፣ ስሙ ከፊቱ ጋራ ስለ ተጻፈ፣ ዛሬ ያን ያዘነ ሕፃን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ዐፅሙም ወዳገሩ እንዲመለስ በየዘመኑ ተጠይቋል። እርግጥ እርሱ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ነበር። ነገር ግን ስም ለመጻፍ የሚፈጀው ቀለም ለንጉሥ ልጅም ለባለ ሸክምም አንድ ነው።

ከአዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ ለአክስቴ መናገር ወይም አለመናገር ከባድ ሆነብኝ። ወዳጆቼም ሁለት ወገን ሆኑ። አንዱ «ሰማንያ ዓመት የቀረባትን ባልቴት መጽናኛዋን ለምን ትነጥቃታለህ?» አለኝ። ሁለተኛው «በሌላ ሰው ፊት ልታስለቅሳት ነውን?» አለኝ። እኔም፣ አንድ ጊዜ ቃል ዘልዬ ያደረስሁትን አይቻለሁና፣ ሁለተኛ እንዳልዘል ቈረጥሁ።

በእሑድ ቀን ከቤታቸው ሄጄ ቡና ከተጠጣ በኋላ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው። ሕፃን ሳለሁ የጠፋውን ስፍራ አይቼ እንደ ዘለልሁትም ሳልሸሽግ ተናዘዝሁ። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥለው «አንተ ልጅ ነበርህ። የምንወደውን እንድታነብ በዓይናችን የነገርንህ እኛ ነን» አሉኝ። ከዚያም ካርዷን ተቀብለው፣ ባያዩትም በስተግራ ያለውን ሰው በጣታቸው ፈልገው «ታዲያ ይህ የማን ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይታወቅም፤ ስሙን አልጻፉለትም» አልኋቸው።

«እናት ነበረችው እኮ» አሉ። ቆይተውም «ስድሳ ዓመት ከኛ ጋራ መስቀል ውሏል፤ እንግዲህ ወዴት እሰደዋለሁ?» አሉኝ።

ቀጥለው ወንድማቸው የጻፈውን ቃል እንዳነብላቸው አዘዙኝ። እኔም በሠላሳ ስምንት ዓመት ዘግይቼ «በግራ ያለው ቤት መጋዘን ነው፤ ዘበኛው እኔ ነኝ» ብዬ በትክክል አነበብሁላቸው። ያን ጊዜ ፈገግ ብለው «ዘበኛ ሆነ? ከልጅነቱ ጀምሮ ሌሊት እንቅልፍ አልነበረውም፤ ጅብ ሲጮኽ ከብቱን የሚያይ እርሱ ነበር» አሉ። እኔ ይህን ስለ አጎቴ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያ ባለ ሸክም ሰው በምሰሶው ላይ አጎቴን ሆኖ በኖረበት ዘመን ሁሉ፣ የእውነተኛውን አጎቴን ጠባይ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረምና።

ለቅሶውም ተደረገ። በአክስቴ ፈቃድ በትልቁ ያሠራሁት ፊት ሳይሆን የእጅ ጽሕፈቱ ነው። ያን አንድ መሥመር ፎቶግራፍ አንሺው አጉልቶ በመስታወት አደረገልኝ፤ በካርዷ ላይ ካለው ሁሉ የአጎቴ ገንዘብ የሆነው እርሱ ብቻ ነበርና። ካርዷ ራሷ በወረቀት ተጠቅልላ በሣጥን ተቀመጠች፤ ጢስም ቅቤም አይደርስባትም። በመስቀል ቀን ግን አክስቴ አስወጥተው፣ በኮባ ቅጠል ላይ ለወንድማቸው ከለዩት ድርሻ ጐን ጥቂት ጨምረው «ይህ ደግሞ ስማቸው ላልተጻፈው» አሉ።

እንግዲህ አንባቢዎቼን፣ ይልቁንም የቤት አባቶችንና እመቤቶችን፣ የምለምነው ይህ ነው። ፎቶግራፎቻችሁን ዛሬ ከሣጥን አውጡ። አረጋውያን ሳሉ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ፣ በያንዳንዱ ጀርባ ላይ ለስላሳ በሆነ እርሳስ፣ ወረቀቱን ሳትጫኑ፣ በሥዕሉ ያሉትን ሰዎች ስም ከነአባታቸው፣ ስፍራውንና ዘመኑን ጻፉ። ከልዑሉ ጎን የቆመውን አሽከር፣ ከሙሽራዪቱ ኋላ ያለችውን ሞግዚት፣ ፈረሱን የያዘውን ልጅ አትዝለሉ፤ እነርሱንም የሚፈልግ የልጅ ልጅ ይመጣልና። በስልክ የምታነሡትንም ቢሆን ስም ሳትጽፉ አትተዉት።

የሌላ ሰው ደብዳቤ እንድታነቡ በተጠየቃችሁ ጊዜም፣ የማታነቡት ስፍራ ካጋጠማችሁ፣ ሳታፍሩ «ይህ አይነበብም» በሉ። የሚሰማው ሰው ለጊዜው ቢያዝን፣ ሌላ ቀን መብራቱን አዘንብሎ የሚያነብለት ይገኛል።

ከጉብሬ፤ አንድ የፍርድ ቤት ጸሓፊ።